አስቀድሞ የተከፈለ ስለት

ስለት የሚሰጠው የለመኑት ነገር ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም፤ እኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ፣ የሚድኸው ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መጀመሪያ ትሳላለህ፤ ከዚያ ትጠብቃለህ፤ ሲደርስልህ ሻማህን ወይም ጃንጥላህን ይዘህ በእልልታ ትገባለህ። አባቴ ግን ገና ላልተደረገለት ነገር ሊከፍል ተነሣ። ያውም በብስክሌት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ማሠልጠኛ ሳለ ደብዳቤ ይልክልን ነበር፤ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። ሬዲዮው ድል ብቻ ያወራል፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ሲነቀል ሌላ ይተከላል። ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶን ከርመናል። እናቴ ለአራዳው ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስላ በየጠዋቱ እየተሳለመች ትጠብቃለች። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንለትም፤ "እግዜርን በጃንጥላ አልደልልም" እያለ ያበሽቃት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ራት ቀርቦ፣ እጁን ወደ ገበታው ሳይሰድ፣ "ለጥቅምት ሃያ አራት ደብረ ሊባኖስ እሄዳለሁ" አለ። "በብስክሌት ነው የምሄደው። ስለት አለብኝ።"

እናቴ ብድግ አለች። "ልጄ መጣ እንዴ?"

"አልመጣም።"

"ታዲያ የምን ስለት ነው የምታስገባው?"

"እንዲመጣ ነዋ።"

"አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔር ቀብድ የሚቀበል ነጋዴ መሰለህ?"

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንዲት የስፌት መኪና የምትሞላት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሳይቆጣ፣ ደንበኛ እንደሚያስረዳ ሆኖ፣ "ሱቄ ውስጥ የተደረደረው ልብስ ብዙ ነው፤ ቀድሜ የምጨርሰው ግን ቀብድ የሰጠኝን ሰው ነው" አላት። እናቴ አማተበች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ እንባዬ ቀደመኝ። ሰውየው እየቀለደ አልነበረም።

በብስክሌት ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም። አባቴ በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበር፤ ቀጭኗ የጣሊያን ብስክሌቱ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነው ያደግነው። ስትወርድ የምትወርደው ለመወልወል ነው። "በአውቶቡስማ ማንም ይሄዳል" አለ። "እኔ የምችለው ትልቁ ነገር ይኼ ነው።" ያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ጉልበቱን በክረምት በጨርቅ ያስር ነበር።

ችግሩ አብሮት የሚሄድ ሰው ማግኘት ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አፈሳ ፈርቶ ቆጥ ላይ ነው የሚውለው፤ በዚያ ዘመን ወጣት ወንድ መንገድ ላይ ከታየ እየታፈሰ በካሚዮን ይጫን ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እየሰፋሁ፣ ደንበኛ እያስተናገድኩ የምውል ሴት ነበርኩ። ብስክሌት ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ጃን ሜዳ ወስዶ በራሱ ከባድ የቻይና ብስክሌት ላይ አስቀምጦኝ፣ ከኋላዬ እየሮጠ፣ "ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ" ይለኝ ነበር፤ ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል።

"እኔ አብሬህ እሄዳለሁ፣ አባባ" አልኩት።

"አንቺ?"

"እኔን የሚያፍስ የለም።"

እናቴ ሁለታችንን አየችንና፣ "አንዱ ሲገርመኝ ሁለት ሆናችሁ!" ብላ ጓዳ ገባች። ቆይታ ግን በሶ ስታሽ አየኋት።

እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ስለዚህም ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሲኒማ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን፣ ወርቅ ቤቱን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ጭምር አውቃለሁ። ከእንጦጦ ጀርባ ምን እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም፣ አገሩ እዚያ ጋ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን። ምክንያት በሚለው ቦታ "ዘመድ ጥየቃ" ተብሎ ተጻፈ፤ ስለት ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አልነበረም። አባቴ በራሱ እጅ የሰፋውን ነጭ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከኋላው አሰረ። እኔ የወንድሜን ሱሪ ለበስኩ፤ ለገዳሙ የሚሆን ረጅም ቀሚስና ነጠላ ደግሞ በፌስታል ያዝኩ። እሱ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰም። "ለስለት ጠግቦ አይኬድም። የምበላው ደርሼ ጠበል ከጠጣሁ በኋላ ነው" አለ። እናቴ ሁልጊዜ የምትለው ነገር ስለሆነ እሷም አልተቃወመችም። እኔ የተሳልኩት ነገር ስለሌለ ኪሴን ዳቦ ቆሎ ሞላሁ።

የሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጣን። ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ አባቴ ከብስክሌቱ ሳይወርድ ቆቡን አንሥቶ ጊዮርጊስን ተሳለመ። የዳቦ ሰልፍ ከወዲሁ ተሰልፏል። አራዳ ደግሞ ተርቦም ቢሆን ቀልዱን አይተውም። "እህት! ጎማሽ እየዞረ ነው!" አለኝ አንዱ። ሌላው ተቀብሎ፣ "ተዋት፣ አባቷን ልትድር ነው!" አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። መልስ አላጣሁም ነበር፤ አባቴ ግን "ወደ ፊት እዪ" አለኝና ዋጥኩት።

ከአዲሱ ገበያ በላይ ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀታችንን ተቀበለ። ከወንድሜ ብዙ አይበልጥም። "ዘመድ ጥየቃ? በብስክሌት? ዘመዳችሁ የት ነው?"

"ደብረ ሊባኖስ" አለ አባቴ።

ወታደሩ ጋዜጣው ተቀዶ የሚታየውን ነጭ ጨርቅ አየ፤ ወደ ኋላው ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጎማዬን በጫማው ነካ ነካ እያደረገ፣ እንደ ዋዛ ጎንበስ ብሎ፣ የክርስትና ስሙን ለአባቴ በጆሮው ነገረው። "ካስታወሱኝ" አለ። የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው የሚነግር፣ በጸሎት እንዲያስቡት የሚሻ፣ የጨነቀው ሰው ብቻ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ያን ያህል ፈርቶ አይቼ አላውቅም ነበርና ደነገጥኩ።

ዳገቱን አልረሳውም። አባቴ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ቀስ እያለ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየጠመዘዘ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አልወረደም። እኔ ገና ከግማሹ በፊት ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከላይ መጡ፤ ጀርባቸው በሸክሙ ተሸፍኖ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። አንዷ አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለችና፣ "የኔ ልጅ፣ ማን ማንን ነው የተሸከመው?" አለችኝ። ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ላለ ነገር ወዲያው መልስ እሰጥ ነበር። እዚያ ግን እሷ ጀርባዋ ላይ ያንን ሁሉ ይዛ እየሳቀች ነው፤ ምን እላታለሁ? አብሬያት ሳቅኩ።

አናቱ ላይ ስደርስ አባቴ ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሟል። በአገጩ ወደ ፊት አመለከተኝ።

አየሁ። የሱሉልታ ሜዳ ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል። ጭጋጉ ከሥር ከሥር እየተነሣ ነው፤ ሣሩ፣ የአደዩ ቢጫ፣ ሜዳው ላይ የተበተኑት ከብቶች፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ሰማያዊ ተራሮች አንድ በአንድ እየወጡ ይታያሉ። እኛ ሰፈር ሰማይ ማለት በቆርቆሮና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል የሚታይ ቁራጭ ነው። እዚህ ጣቃው በሙሉ ተዘርግቷል። አገሩ ያልቃል ብዬ ያሰብኩበት ቦታ ላይ ቆሜ አገሩ ሲጀምር አየሁት። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሰፋ፤ ደስታ ልበለው ፍርሃት አላውቅም፤ ሁለቱም ነበረበት።

"ይኼ ሁሉ እዚህ ነበር?" አልኩት።

"የት ይሄዳል ብለሽ ነው?" አለኝ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ለቀቅነው። የኔ ብስክሌት ከባድ ስለሆነ ሲወርድ ማን ይችለዋል! ንፋሱ ዓይኔን አስለቅሶ ጆሮዬን አደነቆረው። አባቴ ደረቱን መሪው ላይ አስተኝቶ በአጠገቤ ተወርውሮ ሲያልፍ፣ "ፍሬን በዝግታ!" ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎም ሳቀ። ቤታችን ውስጥ እንዲያ ያለ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ለካ እሱም ወጣት ሳለ እንዲህ ነበር? በሕይወቴ ሙሉ የማውቀው መርፌ በከንፈሩ ይዞ ያጎነበሰ ሰው ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሳቁን እንደ ሰረቀው ነገር በድንገት አቆመና መንገዱን ቀጠለ።

ጫንጮን እንዳለፍን ከኋላችን የካሚዮን ድምፅ መጣ። ወርደን ዳር ያዝን። ወደ ሰሜን የሚሄዱ የጦር መኪናዎች ናቸው፤ ተከታትለው መጡ፣ መጡ፣ አላልቅ አሉ። ላያቸው ላይ ልጆች ናቸው። አዲስ የተላጨ ራስ፣ የሰፋ ኮት፣ አንገት ውስጡ የሚዋኝበት ኮሌታ። አባቴ ቆቡን አውልቆ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ያይ ነበር። ወንድሜ የሄደው ድሮ ነው፤ እዚህ እንደማይኖር ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ያያል። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ልጅ አየኝና፣ "እህት! ጎማሽ ይዞራል!" ብሎ ጮኸ። ቃናው የፒያሳ ነው። እጄን አውለበለብኩለት፤ እሱም በሁለት እጁ አውለበለበ፤ አቧራው እስኪውጠው ድረስ አላቆመም። አባቴ፣ "የኛ ሰፈር ልጅ ነው" አለ። ቆቡን መልሶ እስኪያደርግ ብዙ ቆየ።

ከሙከጡሪ ወዲያ ፀሐዩ ሲበረታ አካሄዱ አላማረኝም። ብስክሌቱ ይዋልላል። ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ ከመንገዱ ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። በሶውን አውጥቼ በውኃ በጠበጥኩለት፤ በእጁ መለሰው።

"አባባ፣ ጠጣ።"

"ስለት ነው።"

"ሞተህ ልትደርስ ነው እንዴ?"

"ጥቂት ነው የቀረኝ።"

ጥቂት አልነበረም። ተናደድኩ። እዚያው ቦዩ ውስጥ ተቀምጬ ጮህኩበት፤ አንዱ ወንድ ጠፍቶብን የሁለተኛውን ሬሳ ይዤ እናቴ ዘንድ አልገባም አልኩት። አንድ የጭነት መኪና ቆመና ረዳቱ ወርዶ እንጫናችሁ አለ። አባቴ እሱንም በእጁ መለሰ።

ጩኸቴን የሰማች አንዲት ሴት ከእርሻው ማዶ ካለ ጎጆ መጣች። በዕድሜ ከእናቴ ትበልጣለች። ወተት በቅል ይዛ ነው የመጣችው። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ፤ ግን የት እንደምንሄድና ለምን እንደምንሄድ ነገርኳት። "ልጅ፣ ጦርነት" አልኩና ወደ ሰሜን አመለከትኩ። እሷም በዚያው በኩል አመለከተች። "ኢልማ ኮ" አለች፣ ደረቷን እየነካች፤ "ልጄ። እሱም ሄደ።" ከዚያ ከአባቴ ፊት ቁጢጥ ብላ ቅሉን ወደ አፉ አስጠጋችው።

"እማማ፣ ስለት አለብኝ" አላት አባቴ።

"አንተም የእናት ልጅ ነህ" አለችው፣ ቃል እየፈለገች። "የኔን ልጅ እዚያ ሴት አግኝታ ወተት ስትሰጠው፣ አልፈልግም ቢል ደስ ይለኛል? ጠጣ!"

አባቴ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፤ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ሲጠጣ የምታየው ሴት ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጇን እያጠጣች እንደነበረ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም ነበር። ስንነሣ የልጇን ስም ለአባቴ ነገረችው፤ እሱም ከወታደሩ ስም ጋር ያዘው።

ወደ ገዳሙ መታጠፊያ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። መጀመሪያ የሚገኘው የፖርቱጋል ድልድይ የሚሉት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ነው። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ከሰጎን እንቁላል ጋር የተቦካ ነው ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ከኛ ሱቅ አጠገብ ያለውን ድልድይ ነው፤ በእሱ ላይ ሽንኩርት ይሸጣል። ይህኛው ግን ሰው የሌለበት፣ ሣር የበቀለበት፣ በዘመናት እግር መሐሉ የተሰረጎደ ድልድይ ነው። ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ተሻገርን። ወንዙ ከሥራችን ይሄዳል፤ ጥቂት ይሄድና መሬቱ ያልቅበታል። እኔም ወደዚያ ጠርዝ ሄድኩ።

ስለዚያ ቦታ ለሰው ለማውራት ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ምድር ተሰንጥቃለች ብል ትንሽ ነው። ገደሉ ከእግሬ ሥር ይጀምርና ደረጃ በደረጃ፣ ቀይ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ እየሆነ ይወርዳል፤ ታች፣ እጅግ ታች፣ ክር የምታህል ወንዝ ታበራለች። ወደ ጀማ ገብታ ከዚያ ዓባይ ትሆናለች አለኝ አባቴ። እኛ አጠገብ ሲጮኽ የነበረው ውኃ ከገደሉ ተወርውሮ መሬት ሳይደርስ ጭስ ይሆናል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ለኛ መምጣት ቁብም አልሰጡት። አንድ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ሲዞር አየሁ። ጀርባውን ነው ያየሁት። እኔ ከላይ ነኝ፣ ንስሩ ከታች። ቁጭ አልኩ።

ትንሽነት የሚያዋርድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቀበሌ ስትሄድ ትንሽ ትሆናለህ፣ ሰልፍ ላይ ትንሽ ትሆናለህ፣ ከካድሬ ፊት ትንሽ ትሆናለህ፤ ሁሉም ያማል። እዚያ ገደል አፍ ላይ ግን ከምንጊዜውም ይልቅ ትንሽ ሆኜ ምንም አላመመኝም። ይህ ሁሉ ሬዲዮው ሲፎክር እዚህ ነበር፤ ወንድሜ ሳይወለድም ነበር። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ይኼን የሠራ፣" አለ ወደ ገደሉ እያየ፣ "አንድ ልጅ የት እንዳለ ይጠፋዋል?"

ጥያቄ ይሁን ጸሎት አልለየልኝም። እጁን ያዝኩት።

ሌሊቱን ከምእመናን ጋር በመጠለያው አደርን። በማግስቱ ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን ተከናንቤ ቅዳሴውን ቆምኩ። ግቢው ሞልቷል፤ የበዙት ሴቶች ናቸው፣ የእናቴ ዕድሜ እኩዮች። ከቅዳሴ በኋላ ስለት ያላቸው ተራ ያዙ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ስለቱን የሚቀበለው ቄስ "ምን ተደረገልሽ?" "ምን ተደረገልህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ባለስለቱ ይናገራል፤ ቄሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሰማል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። አንዷ መካን ነበርኩ ወለድኩ አለች፤ እልል ተባለ። አንዱ ከበሽታ ተነሣሁ አለ፤ እልል ተባለ። አባቴ መጋረጃውን ታቅፎ እየቀረበ ነው። እኔ እናቴን አሰብኳት። በሰው ፊት ምን ሊል ነው?

"ምን ተደረገልዎ?" አሉት ቄሱ።

"ልጄ ጦር ሜዳ ነው፣ አባ።"

"በሰላም ተመለሰ?"

"አልተመለሰም።"

ቄሱ መጋረጃውን ሊቀበሉ የዘረጉት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ታዲያ ስለቱ የምን ነው?"

"አስቀድሜ መጣሁ" አለ አባቴ። ቀጥሎም የወታደሩን የክርስትና ስምና የዚያችን ሴት ልጅ ስም ተናገረ። "የነሱንም ስለት ጭምር።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ቄሱ መጋረጃውን ተቀበሉ፤ ጨርቁን ዳበሱት፤ ስፌቱን አዩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልወጣም። "የእኚህ ሰው ልጅ ገና አልመጣም" አሉ። "ስለቱን ግን ይዘው መጥተዋል።"

ግቢው ጸጥ አለ። በምን ላይ እልል ይባላል? ምንም አልተደረገማ። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ የተሰነጠቀ፣ ብቻዋን እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሦስተኛዋ። ከዚያ ያ ግቢ በሙሉ ተነሣ። ስንቷ ልጇን ወደዚያ ሰድዳ እንደቆመች ያወቅኩት ያኔ ነው። እያለቀሱ ነው እልል የሚሉት፤ ገና ላልመጡት፣ ምናልባትም ለማይመጡት። ድምፁ ገደሉ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ግን አላየሁም። አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ይንሰቀሰቅ ነበር።

ስንመለስ ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነን መጣን። የመልሱን መንገድ የተሳለ ሰው አልነበረም።

የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ጊዜው ግንቦት ነበር። የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደ ከተማ ገባ። ጫማ የሌለው፣ ቁስሉ በካኪ የታሰረ፣ ለመለመን የሚያፍር ወጣት ሁሉ ፒያሳን ሞላት። አባቴ ስፌቱን ትቶ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይውላል፤ እናቴም መጥታ ከጎኑ ትቆማለች። ፊት ሁሉ ያያሉ። ቀናት እንዲህ አለፉ። የሚያልፈው ሰው እየሳሳ መጣ።

አንድ ከሰዓት አንድ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወታደር ልብስ መልበስ የሚያስፈራበት ጊዜ ነውና፣ "አባባ፣ የሲቪል ልብስ ይኖርዎታል? ማንኛውም ይሁን" አለ። አባቴ በዓይኑ ለካው፤ እኔ ያን አተያይ አውቀዋለሁ። ከዚያ ቤት ልኮኝ የወንድሜን ኮትና ሱሪ አስመጣ። ልጁ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ለብሶ ወጣ። እጅጌው ትንሽ ይረዝመዋል፤ አባቴ ተንበርክኮ አጠፈለት፣ በመርፌ ያዘለት።

ልጁ የጨርቁን ጥራት በእጁ እየዳበሰ አመነታ። "ባለቤቱ ሲመጣ አይጠይቅም?" አለ።

አባቴ ክሩን በጥርሱ ቆረጠ። "አይጠይቅም" አለው። "ያንተ ስለት ተከፍሏል። ሂድ፣ ወደ እናትህ ግባ።"

ልጁ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ እጅ ነሥቶ ቁልቁል ወረደ። እናቴ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ገልብጣ በሐዘን አለባበስ መልሳ ደረበችው። መርዶ የነገረን ሰው አልነበረም።